ገበያ የሌለው ቋንቋ

ክንዱን የቡሬ ሰው በሁለት ነገር ያውቀው ነበር፤ በበቅሎውና በአፉ። በበቅሎው፣ ጢም ሳያበቅል ጀምሮ ሲራራ ነጋዴ ስለነበረ ነው። ጨውና ጥጥ ጭኖ ዓባይን ይሻገራል፣ ወለጋ ይወርዳል፣ ቡና ጭኖ ይመለሳል። በአፉ ደግሞ፣ በረገጠው አገር ሁሉ ቋንቋ ለቅሞ ስለሚመጣ ነው። ኦሮምኛውን የሰሙ የነቀምት ሽማግሌዎች «እናትህ ከማን ወገን ናት?» ብለው ጠይቀውታል። አገውኛውን ከዳንግላ ገበያ፣ ዐረብኛውን ከመተማ ሸቃጮች ነው ያገኘው። ፊደል ግን አልቆጠረም። ቄስ ዘንድ ገብቶ ገና ሀ ሁን ሳይጨርስ የአባቱ አጋሰሶች ጎተቱት፤ ከዚያ ወዲያ መጽሐፍ ባየ ቁጥር አንገቱን ሰበር አድርጎ ያልፋል።

ቋንቋ የሚይዝበት ዘዴ የራሱ ነው። ማለዳ በቅሎ ሲጭን እያንዳንዱን ቃል ከአንድ ዕቃ ጋር ያስረዋል። ኮርቻው ሲወጣ አንድ ቃል፣ መጫኛው ሲጠብቅ ሌላ ቃል፤ በግራ ጎን የአማርኛውን፣ በቀኝ ጎን የባዕዱን እያለ ያመዛዝናል። ማታ ጭነቱን ሲያራግፍ ቃሎቹን አብሮ ያወርዳቸዋል። «ቃልም ጭነት ነው፤ አንዱ ጎን ከከበደ መንገድ ላይ ይገለበጥብሃል» ይል ነበር። ሰው ይስቅበታል እንጂ ዘዴው አንድም ቀን አላሳፈረውም።

አንድ የጸና እምነትም ነበረው። ቋንቋ ሁሉ ገበያ አለው ይላል። ኦሮምኛ የነቀምት ገበያ አለው፣ አገውኛ የዳንግላ፣ ዐረብኛ የመተማ። ሰው ለምን ይናገራል? ሊሸጥ፣ ሊገዛ፣ ካልሆነም ዋጋ ሊጠይቅ። ገበያ የሌለው ቋንቋ አለ ብትለው ውሃ የሌለው ወንዝ እንዳሳየኸው አድርጎ ያይሃል።

ጣልያን ቡሬ ገብቶ ምሽጉን ሲሠራ የዓባይ መሻገሪያ ተዘጋ። ጅብ ከማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ እንዲሉ፣ በሰው መሬት ላይ ሰፍሮ ገብስ አምጡ፣ ጠመንጃ አምጡ፣ በቅሎ አምጡ ማለት ጀመረ። የክንዱም በቅሎዎች ተነዱ። ከሁሉ ያንገበገበችው ዳማ ናት። ዳማ የመንገዱ መሪ ነበረች፤ የዓባይን ቁልቁለት ዓይኗን ጨፍና የምትወርድ፣ ክንዱ ታሞ ሳለ ብቻዋን ጓዙን መርታ ቤት ያገባች በቅሎ ናት። ሚስቱ ዓባይነሽ «እኔ ብሞት እንዲህ አያለቅሱም» ብላዋለች። እውነቷን ነው።

አላስችል ብሎት አንድ ቀን ወደ ምሽጉ ወረደ። ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ቢያይ፣ ዳማ ጀርባዋ ተገጥቦ ሥጋዋ ይታያል። ሶላቶው፣ የጣልያኑ ወታደር፣ ከጭነት ሥር የሚነጠፈውን ግላስ ሳያደርግ ጭኗት ኖሯል። አጠገቧ አንድ ቀጭን ጣልያን ተንበርክኮ ቁስሏን በጨው ውሃ ያጥባል፤ ሲያጥባትም እንደ ሕፃን ያባብላታል። ክንዱ ጣልያንን ሁሉ ሊረግም ተዘጋጅቶ ነበር የሄደው፤ ሰውየውን እያየ እርግማኑን ረሳው።

ሰውየው ኤንሪኮ ይባላል፤ የምሽጉ የበቅሎ ሐኪም ነው። የአንጥረኛ ልጅ ነው፤ ሳይወድ በግድ ዘምቶ የመጣ። የተሰባበረች አማርኛ ነበረችው። የበቅሎዪቱ ጌታ መሆኑን ሲረዳ ክንዱን በበሩ አስገባው፤ ሣር እያጨደ እንዲያመጣና በቅሎዎቹን እንዲያይ ፈቃድ አወጣለት። ክንዱም በዚያው ለመደ። ማለዳ ይሄዳል፣ የዳማን ቁስል ያጥባል፣ ይመለሳል።

ቃል ለቃሚ ከቃል አይርቅምና፣ አንድ ቀን ኤንሪኮ ከራሱ ጋር ሲያወራ ክንዱ ጆሮውን ጣል አደረገ። ሶላቶዎቹ እርስ በርስ የሚነጋገሩበትን የጣልያን ዜማ ለምዶታል። ይሄ ግን ሌላ ነው። ጠየቀው። ኤንሪኮ ግራ ቀኙን አየና የሸሚዙን ኮሌታ ገለበጠ፤ ከሥሩ ትንሽ አረንጓዴ ኮከብ ተሰፍታለች።

«ኤስፔራንቶ» አለ። «የጣልያን አይደለም። የማንም አይደለም። የሁሉ።»

«የሁሉ የሚባል አገር አላውቅም። ገበያው የት ነው?»

«ገበያ የለም።»

በእጁም በአማርኛውም እያገዘ የነገረው ነገር ይህ ነበር፤ ባሕር ማዶ አንድ የዓይን ሐኪም በቋንቋ የተለያየው ሕዝብ ሲጣላ እያየ አደገና፣ ሁሉም ከየቤቱ ወጥቶ መሐል መንገድ የሚገናኝበት ቋንቋ ልሥራ ብሎ ሠራው። ክንዱ ሆዱን ይዞ ሳቀ። «ቋንቋ እንደ ማረሻ ይሠራል እንዴ! በል እሺ፣ ሠራው። ገበያውሳ?»

«የለም።»

እዚህ ላይ ነው እንግዲህ ክንዱ የነጋዴ ስሕተት የተሳሳተው። ነጋዴ አዲስ ገበያ ሲያገኝ ለወንድሙም አይናገርም፤ ክንዱ ራሱ ዓባይ ማዶ ያለችውን የርካሽ ቡና መንደር ለማንም ሳይተነፍስ ኖሯል። ስለዚህ ይህ ጣልያን ገበያውን እየደበቀ ነው ብሎ ቆረጠ። ቋንቋውን ካወቅሁ ገበያውን ማን ይከለክለኛል? ቀድሜ እገባለሁ አለ በልቡ። እናም በዚያ ዕድሜው፣ ራሱ ሸብቶ፣ ጥርሱ ጎድሎ፣ እንደገና ጀማሪ ተማሪ ሆነ።

ኤንሪኮ ጣልያንኛ ላስተምርህ አላለውም። «ጣልያንኛ ብትይዝ የምሽጉ ሻምበል ለአስተርጓሚነት ይይዝሃል» አለው። «በዚህ ግን እኔ እንግዳ፣ አንተ እንግዳ።» ክንዱ ይህችን አባባል ወደዳት። ጣልያን ከገባ ወዲህ በገዛ አገሩ እንግዳ ሆኖ ነበር፤ አብሮት እንግዳ የሚሆን ጣልያን ግን ሲያገኝ የመጀመሪያው ነው።

አክቮ ውሃ ነው። ሳሎ ጨው። ዶሞ ቤት፣ ቮዮ መንገድ፣ ፓኖ ዳቦ፣ አሚኮ ወዳጅ። ገበያ ባዛሮ ይባላል፤ ይህችን ቃል ሲሰማ ክንዱ «ይኸው! ገበያ ባይኖረው የገበያ ቃል ከየት አመጣ?» ብሎ ጥርጣሬውን አጸና። ቃል የሚያስርበት ጭነት ግን አልነበረውም፤ በቅሎዎቹ ተወስደዋል። ምን ያድርግ? በገዛ ግቢው የቀረችውን አንዲት አህያ በባዶ ይጭናታል። ባዶውን ስልቻ አውጥቶ «ሳሎ»፣ መጫኛውን አጥብቆ «ቮዮ»፤ ደግሞ ያወርዳል፣ ደግሞ ይጭናል። አህያዪቱ እንኳ ዞር ብላ ታየው ነበር። የያዘውን ቃል መልሶ ይረሳል፣ ይናደዳል፣ ራሱን ይሰድባል፣ ነገ እንደገና። አራት ቋንቋ ያለው ሰው አምስተኛው እንዲህ ያስለቅሰዋል ብሎ ማን ይጠረጥራል? ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ክንዱ ወረቀት ባይኖረውም አልለቀቀም። እንዲህ ያለ ሰው ያስቀናል።

ጎረቤት መጀመሪያ አበደ አለ። በኋላ ግን ወሬው ከፋ።

ወሬው እንዲከፋ ያደረገው የታከለ ቤት መቃጠል ነው። ታከለ የክንዱ የልብ ወዳጅ ነበር፤ በወጣትነታቸው አንድ ላይ ነግደዋል፣ አንድ ላይ የሚካኤል ማኅበር ገብተዋል፣ የጽዋ ወንድማማቾች ናቸው። ጣልያን የታከለን ጠመንጃ ሊፈትሽ መጥቶ፣ ጠመንጃውን ሲያጣ ጎተራውንና ቤቱን አነደደበት። ጠመንጃ እንዳለው ማን ነገረ? መንደሩ ተያየ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነውና፣ ዓይን ሁሉ በየማለዳው ምሽግ ወደሚወርደው፣ የባዕድ ቃል እያነበነበ አህያ በባዶ ወደሚጭነው ሰው ዞረ። «ክንዱ የጣልያን አስተርጓሚ ሊሆን ነው» ተባለ። ክንዱ «የጣልያን ቋንቋ አይደለም እኮ» ቢል ማን ሊሰማው? የማኅበሩ ካህን ቄስ ሃይለ ሚካኤል ሳይቀሩ «ታዲያ የማን ነው ልጄ?» ብለው ጠየቁት። «የማንም አይደለም አባቴ» ቢላቸው አማተቡ።

ማኅበሩ በታከለ አዲስ ጎጆ ዋለ። የሚቀጥለው ተረኛ ክንዱ ነበር። ዓባይነሽ ጠላውን ጠንስሳ፣ ቤቷን በእበት ለቅልቃ ጨርሳለች። ጸሎቱ ደረሰ፤ ቄስ ሃይለ ሚካኤል «ተረኛው ይነሣ» አሉ። ክንዱ ተነሥቶ ነጠላውን አደግድጎ፣ ሁለት እጁን ዘረጋ። ታከለ በነጭ ጨርቅ የተሸፈነውን ጽዋ ይዞ ወደ እሱ መጣ፤ ደረሰ፤ አለፈው። ከክንዱ ጀርባ ለተቀመጠው፣ ዘሩ ለሚባለው ማኅበርተኛ ሰጠው።

ክንዱ እጁ እንደተዘረጋ ቀረ።

«ምን አድርጌህ ነው ታከለ?»

ታከለ ሳያየው መለሰ። «ቤቴን ያቃጠለው እሳት አይደለም፤ አፍ ነው። ከጣልያን ጋር አፍ ለገጠመ ሰው ጽዋ አላስጨብጥም።»

ቤት ሲገባ ዓባይነሽ ጋኑን ስታጥን አገኛት። ሌላ ጊዜ ባሏን አንቱ የምትል ሴት ናት፤ ስትቆጣ አንቱታው ይነሣል። ያን ቀን ተነሣ።

«እና ይህን ጠላ ማን ይጠጣዋል? በል ንገረኝ፣ ማን? የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች አሉ! ገበያ የሌለው ቋንቋ እለቅማለሁ ብለህ ጎረቤት የሌለው ቤት አደረግኸኝ።»

ክንዱ አራት ቋንቋ ከእነ ስድቡ ያውቃል። ግን ልክ ነበረች። የጎጃም ገበሬ ቤቱ ቢቃጠል ሌላ ይሠራል፣ በሬው ቢሞት ይበደራል፤ ጽዋው ካለፈው ግን ቢታመም የሚጠይቀው፣ ቢሞት የሚቀብረው የለም። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል፤ የእሱ ስም ግን በቁሙ ሊቀበር ነው። ምሽግ መሄዱን ልተው ብሎ አሰበ። ዳማ ትዝ አለችው፤ ቁስሏ ገና ሥጋ እየሞላ ነበር። በማግስቱ ሄደ።

ከዚያ የሆነውን ቡሬ ገበያ የዋለ ሁሉ አይቶታል።

አርበኞች በደምበጫ መንገድ ላይ የጣልያንን ጓዝ መቱ። ሻምበሉ በንዴት ጦፎ በገበያ ቀን ሕዝቡን ከበበና ሜዳ ላይ አስቀመጠው። አስተርጓሚው ወባ ጥሎት ተኝቷል። አንዱ ሶላቶ በሻምበሉ ጆሮ አንድ ነገር አለ፤ ሻምበሉ ጣቱን ወደ ክንዱ ቀሰረ። ክንዱን ጎትተው መሐል አቆሙት። ከሕዝቡ መካከል ታከለ ይታየዋል፤ ቄስ ሃይለ ሚካኤልም፤ ዓባይነሽም ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋለች። ከሻምበሉ ጀርባ ኤንሪኮ ፊቱ አመድ መስሎ ቆሟል። መንደሩ ሁሉ «አሁን ይለያል» አለ በልቡ።

ሻምበሉ ጮኸ። ጣልያንኛ ነው፤ ክንዱ አልተማረውም። ነገር ግን ከጩኸቱ ውስጥ አንዲት ቃል ዘላ ወጣች፤ «ፓኔ!» ይላል ሰውየው፣ ደግሞ «ፓኔ!»፣ በጣቱም ወደ ጫካው ያሳያል። ፓኔ የፓኖ እኅት መሆኗን ለማወቅ ሊቅ መሆን አያሻም። ዳቦ። ለሽፍቶቹ ዳቦ የሰጠ ማን ነው ማለቱ ነው። ክንዱ ደግሞ ማን እንደሰጠ ያውቃል። ስንቁ የሚወጣው በተቃጠለው የታከለ ቤት ቦታ ላይ ከተሠራችው ከዚያችው አዲስ ጎጆ ነው። የልብ ወዳጅ የወዳጁን ጓሮ ያውቃል።

ዝም ማለት ይችል ነበር። ዝም ካለ ግን ሻምበሉ ሌላ ሰው ያነሣል፣ ያም ሰው ይገረፋል፣ የተገረፈ ደግሞ ይናገራል። ስለዚህ ክንዱ ደረቱን ነፋ አድርጎ፣ ነጠላውን አስተካክሎ፣ እንደ ትልቅ አስተርጓሚ ጉሮሮውን ጠረገ። ከዚያም በዚያች ሜዳ ላይ፣ በሌለች በቅሎ ላይ ጭነቱን መጫን ጀመረ። «ሙሎ!» አለ ድምፁን ከፍ አድርጎ፤ በቅሎ ማለቱ ነው። «አክቮ! ሳሎ! ዶሞ! ቮዮ!» ኮርቻውን አወጣ፣ መጫኛውን በእጁ አጠበቀ፣ ግራና ቀኙን አመዛዘነ። «አሚኮ! ባዛሮ!» ያወቀውን ሁሉ አንድ ሳያስቀር ጫነው። አንዲት ቃል ብቻ ተወ። ፓኖን አልጫናትም።

ሻምበሉ አፉን ከፍቶ ቀረ። ወደ ኤንሪኮ ዞሮ አንድ ነገር አንባረቀ። ኤንሪኮ ግንባሩን በጣቱ እየነካካ፣ ሽማግሌው በቅሎ ያሳበደው ነው የማለት ዓይነት መልስ ሰጠ፤ ሲናገር ግን ዓይኑ ቀልቶ ነበር። ሻምበሉ የተሾፈበት መሰለው። ጅራፍ አስመጣ። ክንዱን በገበያው ፊት አስተኝቶ አስገረፈው፤ ክንዱም ጥርሱን ነክሶ ቻለው። ወደ ማብቂያው ዝናብ ወርዶ ሜዳውን ሲያጥለቀልቀው፣ ሻምበሉ የንዴቱን ግማሽ ተወጥቶ ሕዝቡን በተነ።

በቃሬዛ ወደ ቤቱ የወሰዱት የማኅበሩ ሰዎች ናቸው። የቃሬዛውን አንድ ጫፍ የያዘው ታከለ ነው።

ኤንሪኮን ሻምበሉ በማግስቱ በፍኖተ ሰላም በኩል ወደ ደብረ ማርቆስ ሰደደው። ከመሄዱ በፊት ዳማን መርምሮ «ለጭነት አትሆንም» ብሎ ፈረደባትና ከምሽጉ አስወጣት። ቁስሏ ድኖ ነበር፤ ይህን የሚያውቁት እሱና ክንዱ ብቻ ናቸው። ዳማ መንገዷን ታውቃለችና ብቻዋን ቤቷ መጣች። ክንዱ በሆዱ እንደተኛ ኮቴዋን ሰምቶ አለቀሰ። የኤንሪኮን ኋላ የሰማ የለም፤ ይኑር ይሙት አይታወቅም።

የክንዱ ጀርባ ገና ሳይጠግግ፣ ሚካኤል ባልሆነ ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ እልልታ ወደ ግቢው መጣ። ዓባይነሽ ብትወጣ ማኅበሩ በሙሉ ቆሟል፤ ፊት የቆመው ታከለ ጽዋውን ይዟል። ዘሩ ተራውን መልሶ ሰጥቶ ኖሯል።

«ቤቶች! ተረኛው አለ?» አለ ታከለ።

«አለ፤ ግን መቆም አይችልም» አለች ዓባይነሽ።

«እኛ እንገባለን።»

ገቡ። ቄስ ሃይለ ሚካኤል ዳቦውን ባረኩ፤ ጠላው ተቀዳ። ታከለ ከክንዱ ራስጌ ተቀምጦ ጽዋውን በሁለት እጁ አስጨበጠው፤ ክንዱም በተኛበት ተቀበለው። ሲራራ ነጋዴ ሁለት ሆኖ ዝም ማለት አይሆንለትም፤ ታከለ ጨዋታ ሊያነሣ ፈለገ።

«ያን የምታነበንበውን ቋንቋ እኔም ልያዘው እንጂ። ውሃ ምን ይሉታል?»

«አክቮ።»

«ጨውስ?»

«ሳሎ።»

ታከለ ከተባረከው ዳቦ ቆርሶ ሊያጎርሰው እጁን ዘረጋ። «ይህስ?»

ክንዱ ዳቦውን አየ። «ፓኖ» አለ።

የታከለ እጅ ባለበት ቆመ። ሻምበሉ በዚያ ሜዳ ላይ የጮኸው ጩኸት ጆሮው ላይ መጣበት። ፓኔ፣ ፓኔ ነበር የሚለው። ክንዱ የጫናቸውን ቃሎችም አንድ በአንድ አስታወሰ፤ ይህች በመካከላቸው አልነበረችም።

«ገብቶህ ነበር» አለ ታከለ።

«አጉርሰኝ እንጂ፣ ካህኑ እየጠበቁን ነው» አለ ክንዱ።

ታከለ ግን አላጎረሰውም። በሰው ፊት፣ በካህን ፊት፣ የክንዱን እግር ይዞ እንደ ልጅ አለቀሰ።

ጣልያን ሄደ። የዓባይ መንገድ ተከፈተ። ክንዱ በሕይወቱ ሙሉ ያን ገበያ መፈለጉን አልተወም፤ በቡሬ ያለፈውን ፈረንጅ ሁሉ፣ እንግሊዙንም፣ መንገድ ሠሪውንም፣ ሐኪሙንም አስቁሞ «ኪኤ ኤስታስ ላ ባዛሮ?» ይለው ነበር። ገበያው የት ነው ማለት ነው። አንድም የመለሰለት የለም። እሱ ግን ደብቀውኝ ነው ይላል።

እስከዚያው ገበያው ሁለት ሰው ነበር። ታከለ ቃሎቹን አንድ በአንድ ያዘ፤ ሁለቱ ሽማግሌዎች ቡሬ ገበያ በቅሎ ሊገዙ ሲሄዱ በሻጩ ፊት ቆመው በዚያ ቋንቋ ይመካከራሉ። ሻጩ ግራ ይገባዋል፤ እነሱ ጥርሳቸውን ነክሰው ሳቃቸውን ይይዛሉ። ዓባይነሽ ክንዱን «በመጨረሻ ገበያ አገኙለት?» ትለው ነበር፤ በአንቱታዋ።

ክንዱ ያረፈ ዕለት የቡሬ ሰው ለቀብሩ ሞልቶ ፈሰሰ። ካህናቱ ፈትተው ጨርሰው አፈሩ ሲመለስ፣ ታከለ በምርኩዙ ተደግፎ ወደ ጉድጓዱ ቀረበ። «ጂስ ረቪዶ፣ አሚኮ» አለ። እስክንገናኝ፣ ወዳጄ ማለት ነው። ከሕዝቡ አንድም የገባው አልነበረም። ታከለ መልስ እንደሚጠብቅ ሰው ቆም ብሎ አዳመጠ፤ ከዚያም ወደ ለቀስተኛው ዞረ።

«በሉ ግቡ» አለ በአማርኛ። «ገበያው ተፈታ።»